ይብራ ፍለጋ ጎርጎራ፦ ካርታው፣ መኪናው እና ባለ ታንኳው

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት መሬት ስለካ ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ በገመድ፣ ኋላም በሳተላይት መሣሪያ። «ይህ ቦታ የማን ነው? በየት በኩል ይገባል?» የሚል ጥያቄ በቤተሰባችን ሲነሳ ወደ እኔ የሚመራው ለዚህ ነው። ዘንድሮ የመጣው ጥያቄ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ገጥሞኝ የማያውቅ ነበር። ለጥምቀት ከሚኒሶታ የመጣው የእህቴ ልጅ፣ የሚካኤል ታቦት በገባ ማግስት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፣ «ጋሼ፣ እዚህ አገር ዳክዬ የሚያርፍበት የሕዝብ መሬት የት ይገኛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

እህቴ ጀበናዋን አቁማ አየችው። «ይብራ ትበላለህ?» አለችው። በእኛ ቤት ይብራ በኦሪት አትብሉ ከተባሉት ወፎች ጋር የተቆጠረ ነው፤ ልጇ አሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር ምን ሲበላ እንደኖረ የገባት በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል። ልጁ ጠመንጃ እንዳልያዘ፣ በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል መሆኑን እንደሚያውቅ፣ የሚፈልገው በዓይኑ ማየትና ፎቶግራፍ ማንሳት ብቻ እንደሆነ ምሎ ነገራት። ግማሹን አመነችው። አቦሉን ግን ለሁላችንም ቀድታ እሱን መጨረሻ ላይ አደረገችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ዳክዬና ይብራ ፍለጋ ጣና ዳር ወርደን አንድ ቀን ተኩል ቆየን። ለጉዞው ሦስት ነገር ተጠቅመናል፦ በስልክ ላይ ያለ የሳተላይት ካርታ፣ ከጎንደር የተከራየነው መኪና፣ ጎርጎራ ላይ ያገኘነው ባለ ታንኳ። ለካርታው ከአምስት ሁለት ተኩል፣ ለመኪናው አንድ፣ ለባለ ታንኳው አምስት ሰጥቻለሁ። የጎንደር ሰው ሆኖ ወፍ ለማየት የሚወርድ ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንግዳ የሚመጣበት ሰው ግን አይጠፋም።

በመጀመሪያ ልጁ ምን ለምዶ እንደመጣ ልናገር። ሚኒሶታ ውስጥ መንግሥት ለዱር እንስሳት ብሎ ያስቀመጠው፣ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ ገብቶ የሚያድንበት ከአንድ ሚሊዮን ኤከር የሚበልጥ መሬት አለ። በስልኩ ካርታ ላይ በቀለም ተለይቶ ይታያል፤ ድንበሩ ላይም ምልክት ተተክሏል። ዕድሜው 16 የሞላ የውሃ ወፍ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ የዳክዬ ቴምብር የሚሉትን መግዛት አለበት። ቴምብሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 በአንድ ዶላር የተጀመረ ሲሆን ዛሬ 25 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ መሬት ለመግዛትና ለመከራየት ይውላል አለኝ። እዚህ ላይ አስቆምኩት። እኔ ረግረግ ማጠንፈፍ ልማት ተብሎ በሚመሰገንበት ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ቦይ የሚቀደድበትን መስመር በገዛ እጄ ለክቼ ችካል ተክያለሁ። ረግረግ ረግረግ ሆኖ እንዲቀር ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው፣ ያውም አዳኙ ራሱ፣ መኖሩን ከሱ ሰማሁ።

ሕጉም ብዙ ነው። ፀሐይ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት እስኪቀራት ድረስ አይተኮስም። ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ መያዝ የለበትም። ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ ጥቃቅን ጥይቶችን ለውሃ ወፍ መጠቀም ከ1991 ጀምሮ በመላው አገር ተከልክሏል፤ ወደ ውሃው ሥር የወረደውን ፍሬ ዳክዬዎቹ ጠጠር መስሏቸው እየዋጡ ይመረዙ ስለነበር ነው። በቀን የሚፈቀደውም ስድስት ዳክዬ ነው።

«እንዲህ ተሰናድቶ ከቀረበልህ ታዲያ መፈለጉ ምኑ ላይ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። መሬቱ የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ይመጣበታል። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለው ኩሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደርሶ እንኳ ቀድሞት የተቀመጠ ሰው ያገኛል። አብዛኛው ሰው ግን ከመኪናው ርቆ አይሄድም፤ ዳክዬዎቹም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ካርታ ላይ የሚፈለገው ትልቁ ውሃ ሳይሆን በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ፣ ከጉልበት የማይጠልቅ፣ ዳር ዳሩን ሸምበቆ የከለለው ትንሽ ውሃ ነው። እንዲህ ያለውን ውሃ የሚወደው ዳክዬ ጠልቆ አይመገብም፤ ጅራቱን ሽቅብ አቁሞ አንገቱ የደረሰበትን ነው የሚለቅመው። ቦታውን ከለዩ በኋላ ማታ ሄዶ የት እንደሚያርፉ ከሩቅ ማየት፣ ሳያስበረግጉ መመለስ፣ ጠዋት ሳይነጋ እዚያው መገኘት። ወፍ የሚያርፈው ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ ስለሆነ፣ አዳኙ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቀመጣል።

እኔም የሙያዬን ነገርኩት። «እዚህ አገርማ መሬቱ ሁሉ የሕዝብ ነው» አልኩት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የገጠሩም የከተማውም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ዓይኑ በራ። «ነገር ግን ባለቤት የሌለው አንድ ቃዳ አታገኝም» ብዬ ጨመርኩለት። ቃዳ በእኛ በኩል የሄክታር ሩብ ናት። ማሳው የይዞታ ደብተር አለው። ደብተር የሌለው የወል ግጦሽ ነው፤ የወል ግጦሹም ሽማግሌ አለው፣ እረኛ አለው፣ «ከብታችሁን ከዚህ መልሱ» የሚል ጎረቤት ቀበሌ አለው። በቀለም የሚለይልህ ካርታ ግን የለውም።

ስለዚህ የሳተላይቱን ካርታ ከፍተን ምሽቱን ሙሉ አፈጠጥንበት። ቅርባችን ያለው ውሃ የአንገረብ ግድብ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሄደን ከላይ ከመንገዱ አየነው፤ ደለሉ በገባበት በኩል ቡናማ ዝይዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። ወደ ታች መውረድ ስንፈልግ አንድ ጥበቃ በትሕትና መለሰን። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እመልስ ነበር።

የቀረው ጣና ነው። ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ፣ እጅግ ጠለቀ የተባለው ቦታው አሥራ አራት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በደምቢያ በኩል ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ውሃው እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ካርታው ላይ ከመገጭ ወንዝ መግቢያ በስተ ምዕራብ ሁለት ቦታ መረጠ፦ አንደኛው ወደ ምድር የገባች ሰማያዊ የባሕር ሰላጤ፣ ሁለተኛው ከሐይቁ ዳር ያለ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ። በሜዳው ላይ በእግር ሄዶ ከሰላጤዋ ዳር ለመቀመጥ አሰበ። በመሬት ለኪ ዓይን ስመለከተው እኔም አመንኩበት። ሁለታችንም እንደ ተሳሳትን ያወቅነው እዚያ ደርሰን ነው።

መኪናውን በአጭሩ ልለፈው። አከራዩ አምስት ሰዓት ላይ እልካለሁ ያለውን መኪና ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ላከ። መለዋወጫ ጎማው ራሱ ተንፍሶ ነበር፤ ይህን ያወቅነው ቆላ ድባ ላይ ሲያስፈልገን ነው። ሾፌሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎማውን በሰው ሞተር ብስክሌት ጭኖ ወስዶ አስጠግኖ ተመለሰ፣ አንዱን ነጥብ ያገኙትም በእሱ ነው። ለምሽቱ ፍተሻ ያሰብነው ጊዜ ግን ለጥቂት ሊያመልጠን ነበር። እናንተ መኪና ስትከራዩ ከውሉ በፊት ጎማውን በእግራችሁ ምቱት። ከመነሳታችሁ በፊትም መንገዱን የዋለበት ሰው ጠይቁ፤ ከመሸ ደግሞ እዚያው እደሩ እንጂ አትመለሱ።

ከጎንደር ጎርጎራ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ስድሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አዲሱን ሪዞርት ከውጭ አይተን አለፍን፤ እሱን ሌላ ይገምግመው። ወደቡ ላይ የሞተር ጀልባ ያላቸው ሰዎች ወዲያው ከበቡን። ገዳም፣ የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ ጉማሬ፤ ሁሉንም ዘረዘሩልን። ዳክዬ ስንላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከኋላ ቆሞ የነበረ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ቀጭን ልጅ ብቻ ነው «የትኛውን? የሚያፏጨውን ነው ወይስ ባለ ማንኪያውን?» ያለው።

የእህቴ ልጅ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ከዚህ በኋላ ምርጫው አለቀ።

ባለ ታንኳው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ደንገል አስረው ታንኳ ከሚሠሩ ሰዎች የተወለደ ነው። ለማታውም ለጠዋቱም ሁለት ሺህ ብር አለን፤ ባለ ሞተሮቹ ለአንድ ዙር የጠየቁት ከዚህ እጥፍ በላይ ነበር። «ሞተር ለይብራ አይሆንም ጋሼ» አለኝ፤ «ድምፁ ያስነሳዋል፤ እምቦጩም መዘውሩን ያንቀዋል።» ካርታውን ስናሳየው በሁለት ጣቱ ከፍ ዝቅ አድርጎ አየው። ሰማያዊዋን ሰላጤ ነክቶ «ይህች ሽምብራ ናት» አለ። አረንጓዴውን ሜዳ ነክቶ «ይህ ውሃ ነው» አለ።

እንዳለውም ሆኖ አገኘነው። ካርታው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ሐይቁ በሞላበት ወቅት የተነሳ ነው። ጣና ከክረምት በኋላ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ እየተገለጠ ይሄዳል፤ ገበሬው እግር በእግር እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ባሕር ሸሽ የሚባለው ይህ ነው። በሥራ ዘመኔ እንደ ባሕር ሸሽ ያስቸገረኝ መሬት የለም፤ በየዓመቱ ስፋቱ ይለያያል፣ ችካል የተከልክበት ቦታ መስከረም ላይ ዓሣ ይዋኝበታል። አረንጓዴው ሜዳ ደግሞ እምቦጭ ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ከላይ የሚያይ ሳተላይት ቀርቶ በእግሩ የቆመ ላም እንኳ ሣር መስሎት ሲገባበት ባለ ታንኳው አይቷል። ስለዚህ ካርታው ውሃውን መሬት፣ መሬቱን ውሃ አድርጎ አሳየን። ሁለት ተኩል የሰጠሁት ቢያንስ መንገዱን ስላላሳተን ነው። እናንተ ስትጠቀሙበት ፎቶግራፉ በስንት ወር እንደተነሳ ፈልጉ፤ የመስከረም ሰማያዊ በጥር አይገኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሽምብራው ማሳ ዳር ዳር እየሄድን ሳለ የማሳው ባለቤት ከጎጆ ማማው ወርዶ መጣብን። ስድሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል። ሰላምታችንን ተቀብሎ ዓይኑን እኔ አንገት ላይ ከተንጠለጠለው፣ ሩቁን አቅርቦ ከሚያሳየው ባይኖኩላር ላይ ተከለ።

«ልትለኩ ነው የመጣችሁ?»

«አይደለም፤ ወፍ ልናይ ነው» አልኩት።

ቀረብ ብሎ ፊቴን አየ። «አንተን አውቅሃለሁ። ያኔ ደብተር ሲሰጥ ገመድ ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ። የእኔን ሁለት ቃዳ አንድ ከግማሽ ያደረግሃት።»

እውነቱን ለመናገር ሰውየውን አላስታወስኩትም፤ ገመዱን ግን አስታወስኩት። ጠዋት በጤዛ ሲርስ አንድ ልክ፣ ከሰዓት በኋላ ሲደርቅ ሌላ ልክ ነበረው። የእሱን ማሳ ገመዱ በረዘመበት ሰዓት ለክቼው ይሆናል። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ባለ ታንኳው ቀደመኝ፤ «አያ፣ እነዚህ የይብራ እንግዶች ናቸው፤ መሬት አይነኩም» አለው። ሰውየው ትንሽ ቆየና በሳቅ ፈረሰ። «ይብራውንማ ከቻላችሁ ይዛችሁልኝ ሂዱ!» አለ። ሌሊት ሌሊት እየመጣ ሽምብራውን ይጨርስበታል፤ ቀን ደግሞ ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች በመቶ እየሆኑ ይወርዱበታል። ማማው ላይ የሚያድረው ለዚሁ ነው። የእህቴ ልጅ ክሬን የሚላቸው እነዚያ ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው መጥተው ብርዱ እስኪያልፍ ጣና ዳር የሚቆዩ ናቸው፤ እነሱን ለማየት የባሕር ማዶ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይመጣል። ለማሳው ባለቤት ግን እንደ ፌንጣ ናቸው።

ሰውየው ራሱ በዱላው አመለከተን፤ ይብራው የሚያድረው ከእምቦጩ ወዲያ፣ ደንገሉ ሳስቶ ውሃው ክፍት በሆነበት ላይ ነው። ሁለት እጅ እሸት ሽምብራ ነቅሎም ሰጠን። እሸቱን እየፈለፈልን ስንሄድ የእህቴ ልጅ፣ ሚኒሶታም ቢሆን ከሕዝቡ መሬት ይልቅ የሚሻለው ቦታ የገበሬው ማሳ እንደሆነ፣ ለዚያ ግን የገበሬውን በር አንኳኩቶ ባርኔጣ አውልቆ መለመን እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። አንዳንዱ ውሻ ይለቅበታል።

ያን ምሽት ከጭቃው ጫፍ ላይ ተቀምጠን አየን። ፀሐይ እንደገባች በፉጨት የሚጠራሩ ዳክዬዎች ከደንገሉ ውስጥ እየተነሱ በላያችን አለፉ፤ ፊታቸው ብቻ በመሸው ሰማይ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። እነዚህ ቀን ተኝተው ሌሊት የሚሰማሩ ናቸው። የእህቴ ልጅ አቅጣጫቸውን በስልኩ ላይ ምልክት አደረገ። አንዱንም አላስበረገግንም።

ማደሪያችን አነስተኛ ፔንሲዮን ነበር፤ አልጋው ንጹሕ፣ ውሃው በጀሪካን። ደምቢያ የወባ አገር ስለሆነ አጎበር ባይኖር ኖሮ አላድርም ነበር፤ ነበረው። እራት የተጠበሰ ቀረሶ በሚጥሚጣና በሎሚ በላን። ቀረሶው ያን ቀን ከሐይቅ የወጣ ነው፤ አጥንቱ ሲነሳ ሥጋው እንደ ጥጥ ይለያይ ነበር። ለዚህም ነጥብ ልስጥ ካላችሁኝ አምስት ነው፤ ግን ስለ ምግቡ ልጽፍ አልተነሳሁም።

ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለ ታንኳው በሩን አንኳኳ። ጥር ላይ ጣና ዳር ይበርዳል፤ ጋቢ ደርቤም አንቀጠቀጠኝ። ታንኳዎቹ ሁለት ነበሩ፤ እኔን ራሱ ያዘኝ፣ የእህቴን ልጅ ታናሽ ወንድሙ ያዘው። በታንኳ ያልተሳፈረ ሰው ካለ ልንገረው፦ ደረቅ ሆናችሁ አትወርዱም። ደንገሉ እየዋለ እያደረ ውሃ ይጠጣል፤ ለዚህ ነው ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚቆመው። ለእንግዳ ተብሎ ከመሐል የደንገል እስር እንደ መቀመጫ ይደረጋል፤ እሱም ቢሆን ጥቂት ከሄድን በኋላ ረጠበ። ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱና ከሥራችሁ አንጥፉ። ባለ ታንኳው የቀርከሃ መቅዘፊያውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሲያገባው የሚሰማው ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው። ከኋላችን ከደብረ ሲና ማርያም የኪዳን ጸሎት ድምፅ በውሃው ላይ ይመጣ ነበር።

እምቦጩ ላይ ስንደርስ ሁለቱም ወንድማማቾች መቅዘፊያውን ትተው በእጃቸው መሳብ ጀመሩ። ቅጠሉ እንደ ፊኛ የተነፋ አንገት አለው፤ ታንኳው ሲጫነው ቷ ቷ እያለ ይፈነዳል። በሩቅ ሲታይ ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ሥሩን አንስቶ ላሳየኝ ጊዜ ግን ጥቁር የበግ ጸጉር ይመስል ነበር። ሃያ እርምጃ የማይሞላውን ቦታ ለማለፍ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ባለ ታንኳው ነፋሱ ከየት እንደሆነ በእርጥብ ጣቱ ለካና ከደንገሉ ጥግ አዞረን፤ ነፋሱ ከጀርባችን። ከኋላችን በሌላው ታንኳ ያለው የእህቴ ልጅ ይህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ለባለ ታንኳው የሚኒሶታ አዳኞችን ዘዴ ማንም አላስተማረውም።

ከዚያ ነጋ። መጀመሪያ ያየኋት ባለ ማንኪያዋ ዳክዬ ናት። ከአሥር ሜትር አትርቅም ነበር። ምንቃሯ ከራሷ ይረዝማል፤ ጫፉ ሰፍቶ እንደ ወጥ ማውጫ ጠፍጣፋ ነው። እሱን ውሃው ላይ አስተኝታ አንገቷን ግራ ቀኝ እያወዛወዘች ትሄዳለች፤ ውሃው በምንቃሯ ጎን እየተጣራ ሲወጣ በባይኖኩላሩ ይታያል። ወንዱ ራሱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ የሸክላ ቀለም ነው። እነዚህም እንደ ግራጫዎቹ ወፎች ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ከእነሱ ኋላ ጅራታቸው እንደ መርፌ የሾለ ሌሎች ዳክዬዎች፣ ምንቃራቸው ቢጫ የሆነ የአገራችን ዳክዬዎችም ነበሩ። በመጨረሻም ራሱ ይብራው ከደንገሉ ወጣ። ጀርባው ጥቁር ሆኖ በፀሐይ አረንጓዴ ይለዋል፤ ምንቃሩና ፊቱ ቀይ፣ ቁመቱ ትንሽ ፍየል። በክንፉ መታጠፊያ ላይ ሹል እሾህ አለው፤ ባለ ታንኳው በልጅነቱ ተመትቶበት እጁ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኝ። ስድሳ ስምንት ዓመት ጎንደር ኖሬ ይብራን እንዲህ አይቼው አላውቅም። በሥራ ጉዳይ ስንት ጊዜ በዚህ ዳርቻ ተመላልሻለሁ፤ ዓይኔ ግን ከችካሉ ላይ አልተነሳም ነበር።

የእህቴ ልጅ ካሜራውን አንድ ጊዜ ብቻ አነሳ። ከዚያ አስቀምጦት ጣቱን ወደ ዳክዬዎቹ እየቀሰረ መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስት ላይ ሲደርስ እጁን አጠፈ። «የዛሬው ድርሻዬ አለቀ» አለ በሹክሹክታ። ባለ ታንኳው ነገሩ አልገባውም፤ ኋላ ሕጉን ሲያስረዳው ግን ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አሰበበት። «መቁጠሩን ማን ያያል?» ብሎ ጠየቀ። «ተቆጣጣሪ አለ፤ ባይኖርም ይቆጠራል» አለው። ጣና ከነዳርቻው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ እንደተመዘገበ እኔ ስነግራቸው ደግሞ ባለ ታንኳው ሰሌዳውን አይቶት እንደነበር ተናገረ፤ ስለ ይብራ መሆኑን ግን የነገረው ሰው አልነበረም።

ጉድለት ካልጻፉ ግምገማ አይባልምና አንድ ሁለት ልበል። ባለ ታንኳው ስልኩን ቶሎ አያነሳም፤ ውሃ ላይ ሲሆን ይዘጋዋል። የተንሳፋፊ ጃኬት የለውም። የእህቴ ልጅ በዚህ ተቆጥቶ ነበር፣ ትክክልም ነው፤ ዋና የማትችሉ ከሆነ ከወደቡ ከባለ ሞተሮቹ ተከራይታችሁ ልበሱ። ከሁለት ሰው በላይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ደረቅ ታንኳ ማዘጋጀት አለበት። ወሩ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ የሰሜን እንግዶቹ ይመለሳሉ።

ስንለያይ ከተስማማነው ላይ አምስት መቶ ብር ጨመርኩለት። ብሩን አጥፎ መልሶ እጄ ላይ አደረገና ዓይኑን ወደ ባይኖኩላሩ ላከ። «ጋሼ፣ ይህን ነገር እንደገና ላየው?» አለኝ። ሰጠሁት። ወደቡ ላይ ቆሞ የሐይቁን ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ አድርጎ ቃኘ፤ ሕይወቱን ሙሉ ያያቸውን ወፎች እንደ አዲስ እየተመለከተ አንድ ሁለቱን በስማቸው ጠራ። የእህቴ ልጅ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። ዕቃው የእሱ ስለነበር እሱ ነው የወሰነው።

ስለዚህ ጎርጎራ ወርዳችሁ «ይብራ የሚያሳየው ልጅ» ብላችሁ ብትጠይቁ ባይኖኩላር መያዝ አያስፈልጋችሁም፤ እሱ ጋ ስምንት እጥፍ አቅርቦ የሚያሳይ ጥሩ ባይኖኩላር አለ። የግራው ዓይን ማስተካከያ ትንሽ ስለሚጠብቅ በኃይል አታዙሩት።